ንብ የለመደው ክንድ

ባለቤቴ በዛወርቅ ከሰው ጋር ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ቆዳውን ነው። ቦንጋ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ስትሠራ ዘመኗን ያሳለፈችው በቆዳ ሕመም ክፍል ነው። እሱስ ባልከፋ፤ ችግሩ ማታ ክፍሉን ቆልፋ ስትወጣ ዓይኗን አብራ አለመቆለፏ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆመን ቅዳሴ ስናስቀድስ ከፊታችን ያለውን ሰውዬ ማጅራት ትኩር ብላ ታይና በክርኗ ጎሸም ታደርገኛለች።

«ጭርት ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። «ዳር ዳሩን እየው፤ ክብ ሠርቶ ከፍ ብሏል፤ መሀሉ ግን ድኗል።»

«ኧረ ተይኝ፤ ወንጌል እየተነበበ ነው!» እላታለሁ። እሷ ግን ሰውዬውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ጠብቃ፣ ጤና ጠይቃው፣ ስለ ልጆቹ አውርታው፣ በመጨረሻ ሰኞ ጠዋት ብቅ እንዲል ሳታስማማው ወደ ቤት አንሄድም። ምሳዬ ስንቴ እንደቀዘቀዘ እኔ ነኝ የማውቀው።

እኔ ፍቅሩ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አያቴ በጸሐፊነት ተሹሞ ከሰሜን ወደ ካፋ የመጣ ሰው ነበር። በዛወርቅ ግን የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ዋጫ አጠገብ ተወልዳ ያደገች፣ አፏን በካፊኖኖ የፈታች። ከእሷ ጋር ስኖር ሳልመዘገብ፣ ፈተና ሳልቀመጥ የቆዳ ሐኪም ሆኜ ቀርቻለሁ። እከክ ከጣቶች መሀል ይጀምራል፤ ማታ ማታ ያሳክካል፤ ደግሞም ብቻውን የሚያክ ሰው የለም፣ ቤተሰቡ አብሮ ነው የሚያከው። ሸረሪት ሸናብኝ ብሎ የሚመጣው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሸረሪቷን ያማል እንጂ ያመመው አልማዝ ባለጭራ ነው፤ መጀመሪያ ያቃጥለዋል፣ ከዚያ በአንድ በኩል ብቻ ውሃ የቋጠረ ነገር ችፍ ብሎ ይወጣበታል፤ ወደ ሌላው ጎን አይሻገርም። ቋቁቻ ደረትና ጀርባ ላይ ይበታተናል፣ ፋቅ ሲያደርጉት ዱቄት የመሰለ ቅርፊት ይረግፋል። ለምጽ ደግሞ ነጭ ነው፤ ወተት ነው የሚመስለው፤ ቅርፊት የለውም፣ ሲነኩት ግን በደንብ ይሰማል። ይህን ሁሉ የምደረድረው ለመመጻደቅ አይደለም። የቤታችን የራት ጨዋታ ይኸው ስለሆነ ነው።

ዕውቀቱ ግን ለራስ ሲሆን አይሠራም። አንድ ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ከጆሮዬ ሥር አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። ዳርና ዳሩ የማይመሳሰል፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ትናንት ያልነበረ። በዛወርቅ ተጠንቀቁ የምትለው ሁሉ አንድም ሳይጎድል አለበት። አልጋው ላይ ተቀምጬ ልጃችንን ትሁትን ለማን አደራ እንደምሰጥ ማሰብ ጀመርኩ። በዛወርቅ መጣች፤ አየችው፤ ጣቷን በምራቋ አርሳ አንዴ ጠረግ አደረገችው። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ቀለም ነበር፤ ማታ የተማሪዎች ካርድ ስመታ አምሽቼ ጆሮዬን አክኬበት ኖሯል። እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትነግርብኛለች።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ነው። ትሁት ለጥር ልትዳር ታጭታለች። በዛወርቅ ደግሞ የልጇ ጠጅ ከገበያ በተገዛ ማር አይጣልም ብላ ምላለች፤ ስኳር የነካው ማር አምስት ሜትር ርቃ ታውቃለች፣ ወይም አውቃለሁ ትላለች። ዘመዶቿ ሺሺንዳ አጠገብ ጣሰው የሚባል ንብ አናቢ እንዳለ ነገሯት። በጠዋቱ አውቶቡስ ሄድን፤ ከሺሺንዳ ወርደን በቡና ጥላና በእንሰት መሀል የሚሄደውን ጭቃ መንገድ ተያያዝነው። እኔ ጫማዬን እየረገምኩ፣ እሷ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው ሁሉ እግር እያየች። «ሙጀሌ» ትላለች፤ ትቆማለች፤ ታወራለች። እንዲህ እያልን የደረስነው ፀሐይ ወደ አናት ስትወጣ ነው።

ጣሰው በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ተጫዋች ሰው ነው። ሚስቱ ብርቅዬ ትኩስ ቆጮ ከማር ጋር አቀረበችልን። ማሩ ነጭ ነበር፤ ገተማ የሚሉት ዛፍ አበባ ማር። እኔ አንዴ ቀመስኩና ስለ መንገዱ ያማረርኩትን ሁሉ ይቅር አልኩ።

ስንበላ ጣሰው ስለ ቀፎዎቹ ያጫውተን ጀመር። በእነሱ አገር ቀፎ መሬት ላይ አይቀመጥም፤ ጫካ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ጫፍ ላይ ይሰቀላል፣ ሰውየው በገመድ ወጥቶ ነው የሚቆርጠው። ሌላው አናቢ ጢስ ያበዛል፣ እጁን በጨርቅ ይጠቀልላል፣ ያም ሆኖ ተነድፎ፣ ዓይኑ አብጦ ነው የሚወርደው። ጣሰው ግን ግራ ክንዱን ራቁቱን እስከ ክርኑ ቀፎው ውስጥ ይከታል። ንቦቹ ሰፍረውበት ትንሽ ቢያብጥ እንኳ ምንም አይሰማውም።

«ንብ የለመደው ክንድ ይሉታል» አለች ብርቅዬ በኩራት። «ቁጡ ቀፎ ያለው ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። የመጀመሪያውን የማር እንጀራም ለእሱ ነው የሚሰጡት።»

«እንደ ቤተሰብ ነው የሚያዩኝ» አለ ጣሰው። «እንዲያውም ማኅተማቸውን አድርገውብኛል፤ ይኸው።» የግራ እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበ።

ከክርኑ ዝቅ ብሎ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከሌላው ቆዳው ፈዘዝ ብሏል። ነጭ አይደለም፤ ደብዘዝ ያለ ነው። ዳሩ ትንሽ ቀላ ብሎ ከፍ ብሏል፤ ፀጉሩ ረግፏል፤ ቆዳው ደርቋል። እኔ «ጉድ ነው!» ብዬ ሳቅኩ። ብርቅዬም ሳቀች። ወደ በዛወርቅ ዞር ስል ግን አልሳቀችም። የቆረሰችው ቆጮ እጇ ላይ ቀርቷል።

«ያሳክክዎታል፣ ጋሽ ጣሰው?» አለችው።

«ኧረ ምንም!»

«ይኼኛውስ?» የዚያኑ እጅ ትንሿን ጣት አነሳች። ጣቱ ላይ ውሃ የቋጠረ የእሳት ቁስል ነበር።

ጣሰው ጣቱን አዲስ ዕቃ እንዳየ ሰው አገላብጦ አየው። «እንጃ። ከየት መጣ ደግሞ?»

«ትናንት ከችቦው ነው» አለች ብርቅዬ። «እሱማ አላወቀም። ሥጋ ሲያር ሸቶኝ የጮኽኩት እኔ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ የእኔም ሳቅ ቆመ። የራት ጨዋታችን ውስጥ በዛወርቅ ቀስ ብላ የምትናገረው አንድ ነገር አለ፦ የሚያሳክክ ቆዳ ሰውን ሐኪም ቤት ያመጣዋል፤ የሚያመውም ያመጣዋል፤ አስቸጋሪው የማያሳክከው፣ የማያመው፣ ጭራሽም የማይሰማው ነው።

በዛወርቅ ከነጠላዋ ጥለት ላይ አንዲት ክር መዘዘች። «እስቲ እንጫወት» አለችው ፈገግ ብላ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። በክሩ ስነካዎት የነካሁዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ።»

ጣሰው ጨዋታ ይወዳል፤ ጨፈነ። ቀኝ ክንዱን ነካችው፤ ወዲያው አሳየ። አንገቱን ነካችው፤ አሳየ። የግራ ትከሻውንም አሳየ። ከዚያ ፈዛዛው ቦታ ላይ ክሯን አሳረፈችው። ጣሰው ፈገግ እንዳለ ይጠብቃል። ደገመችው። «ጀምሪያ፣ ሲስተር» አላት። ብርቅዬ አፏን በእጇ ያዘች። በዛወርቅ ክርኑን ደገፍ አድርጋ ከአጥንቱ ኋላ ያለውን ነርቭ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ዓይኑን እንዲገልጥ ነገረችው።

«አልነካሽኝም» አለ።

«ነካሁዎት።»

«ንቦቹ ያደረጉት ነው ብዬሻለሁ። ለምደውኝ ነው።»

«እሺ» አለች። «ንቦቹ ግራዎን ብቻ ነው የለመዱት? ቀኝዎ የማን ነው? ቀኝዎን ሲነድፉት ያምዎታል?»

ጣሰው ቀኝ እጁን አየ፤ ከዚያ ግራውን። ከዚያ በኋላ ነው በዛወርቅ ሥጋ ደዌ እንደሆነ፣ ገና ጀማሪ እንደሆነ፣ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ እንደሚሰጥ የነገረችው። ሦስተኛውን የሰማው አይመስለኝም፤ ሁለተኛውንም። ቆመ። እጅጌውን እስከ አንጓው አወረደ።

«በቤቴ ተቀምጣችሁ፣ ማሬን እየበላችሁ ነው ይህን ስም የምትሰጡኝ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መንገዱን ታውቁታላችሁ።»

ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጭቃውን ወደ ሺሺንዳ ስንመለስ እኔ ነድጄ ነበር፤ በእሱም በእሷም። «ማሩን ተቀብለን፣ አመስግነን፣ ከዚያ ብትነግሪው ምን ነበረበት?» አልኳት። «የልጃችንን ጠጅ በቆዳ ለወጥሽው!» እሷ አልተቆጣችም፤ አለመቆጣቷ ነው የባሰ የሚያናድደኝ።

«ፍቅሩ» አለችኝ፣ «ነርቩ ገመድ አክሏል። እንዲህ ከቆየ ትንሿ ጣቱ ትታጠፋለች፤ አጠገቧ ያለችውም ትከተላታለች። በታጠፈ ጣት ገመድ አይያዝም። ያ ሰው ዛፍ ካልወጣ ምን ይሆናል?» ትንሽ ሄደችና «አሁን ቢጀምር ጣቶቹን እናተርፍለት ነበር» አለች። እኔም ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። የሰውየው ረጅም ጣቶች ዓይኔ ላይ ቀሩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ምሳ ልንበላ ስንቀመጥ በራችን ተንኳኳ። ጣሰው ነበር። በአንድ እጁ በቅል ማር ይዟል፤ ቀኝ እጁ ግን አብጦ ድንች አክሏል። ብርቅዬ ከኋላው ቆማ ሳቋን ትውጣለች።

«ምን ሆኑ?» አለች በዛወርቅ።

«ሲስተር፣ እኔ ሰው የነገረኝን ዝም ብዬ የምቀበል አይደለሁም» አለ ሳይቀመጥ። «ወደ ራሴ ቀፎ ሄድኩ፤ ቀኜንም ግራዬንም ከተትኩ። ቀኜን ጨረሱት፤ ይኸው። ግራዬ ትንሽ ቢያብጥም ሰላም ነው። እንግዲያው ግራዬን ነው የሚያውቁት አልኩ። ቀጥሎ ከወንዝ ማዶ ወዳለው የአማቼ ቀፎ ሄድኩ። እነዚያ ንቦች አይተውኝ አያውቁም፤ ሽታዬን አያውቁም። ግራዬን ከተትኩ።» ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «እነሱም ለመዱኝ። እንግዲህ ንብ እንዲህ ዘመድ አያበዛም።»

ልስቅ ብዬ አፌን ስከፍት ዓይኑ እንባ መሙላቱን አየሁ። በዛወርቅ ተነሳች፣ ቁጭ አደረገችው፣ ከመሶቡ ቆርሳ በዚያው በእጇ አጎረሰችው። ያን ጉርሻ ሲያኝክ ትከሻው ቀስ በቀስ ሲወርድ ይታየኝ ነበር። የመጣበት ጥያቄ ሁሉ ጉርሻዋ ውስጥ ነበር መሰለኝ፤ ሰው ይሸሸኛል ወይ፣ ከሰው ጋር እበላለሁ ወይ። ያንን ከመለሰችለት በኋላ ነው ሕክምናውን ያስረዳችው። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲያ ለሌላ ሰው እንደማያስተላልፍ፣ ለስድስት ወር አንድም ቀን ሳያጓድል መዋጥ እንዳለበት፣ ለነርቩ ደግሞ ሌላ ክኒን እንደምትጨምርለት። ብርቅዬንም ጓዳ አስገብታ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት፤ ንጹሕ ነበረች።

«ስሜቱስ ይመለሳል?» አለ ጣሰው።

በዛወርቅ መዋሸት አትችልም፤ ለእኔም ለማንም። «ቃል አልገባም» አለችው። «ለአንዳንዱ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ አይመለስም። ጣቶችዎ እንዳይታጠፉ ግን አብረን እንታገላለን። እስከዚያ ድረስ ችቦ በግራዎ አይያዙ። እትዬ ብርቅዬ፣ ማታ ማታ እጁን አንቺ ነሽ የምታዪው። እሱ ባያመውም አንቺ ታዪለታለሽ።» ከምሳ በኋላ ጤና ጣቢያ ወስዳ የመጀመሪያውን ክኒን አስዋጠችው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ሳይከፈት ጣሰውን ደጃፉ ላይ ሲንቆራጠጥ አገኘችው። ቦንጋ ዘመድ ቤት አድሮ ነበር። «ሲስተር፣ አለቀልኝ!» አላት። «ሽንቴ ደም ሆኗል!»

«መድኃኒቱ ነው፤ ያቀላዋል ብዬ ነግሬዎት ነበር እኮ!»

«ማር እየተቀመሰ ነው የነገርሽኝ! ማር አፉ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይሰማል?»

በዚህ ሁኔታ ወር በገባ ቁጥር ይመጣል። የወሩን የመጀመሪያ ክኒን እሷ ፊት ይውጣል፣ የቀረውን ይቀበላል፤ ከዚያ እኛ ቤት ምሳ ይበላል። እኔና እሱ ወዳጅ ሆንን፤ እኔ ስለ ተራራና ወንዝ ከመጽሐፍ ስነግረው እሱ ተራራውን ወጥቶበት ያውቀዋል፣ እንከራከራለን፤ በዛወርቅ ደግሞ መሀላችን ተቀምጣ ክንዱን በክር ትነካካለች። ወር መጣ፣ ወር ሄደ፤ ፈዛዛው ቦታ እየጠቆረ ወደ ሌላው ቆዳው ተጠጋ፣ ዳሩ ረገበ። ጣቶቹ ቀጥ እንዳሉ ነበሩ። ዓይኑን ጨፍኖ ግን አሁንም «ጀምሪያ» ይላታል፤ እሷም ክሯን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ሌላ ወሬ ታነሳለች። እኔ ነኝ ፊቷን የማውቀው። በእነዚያ ቀናት ራት ላይ ጨዋታ የለም።

መንደሩ ውስጥ ደግሞ ዝናው ጠፋ። ቁጡ ቀፎ አለኝ ብለው ሲጠሩት «ክንዴ ሕክምና ላይ ነው» ይላቸዋል፤ ሳይደብቅ፣ በስሙ ጠርቶ። መጀመሪያ አንዳንዶች ራቅ ራቅ አሉ። ብርቅዬ ግን በየቤቱ እየዞረች ሲስተር በእጇ እንዳጎረሰችው ታወራ ነበር፤ ነርሷ ካልፈራች እኛ ምን አስፈራን ተባለ፤ ተመለሱ። በዚያው ደብዘዝ ያለ ቆዳ ያላቸው ሦስት ሰዎች እሱን ተከትለው ቦንጋ መጡ። ሁለቱ ቋቁቻ ነበረባቸው። አንዱ ግን የጣሰው ዓይነት ሕመም ነበረበት። ያንን ሰው በትከሻው አቅፎ ያስገባው ጣሰው ራሱ ነው።

መድኃኒቱን ታኅሣሥ ላይ ጨረሰ። በጥር የትሁት ሠርግ ሆነ፤ ጠጁ በእሱ ማር ነው የተጣለው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ያለ ጠጅ አልጠጣሁም። ጣሰው ቀጥ ባሉ ጣቶቹ ብርሌ ይዞ ጨፈረ።

ግንቦት ሲገባ ገተማው አብቦ ቀፎው ሞላ፤ ጣሰው ከሕክምናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ልወጣ ነው ብሎ ላከብን። ሄድን። በመንገድ ላይ በዛወርቅ «ምንም እንዳትጠብቅ» አለችኝ። «ገመዱን መያዙ ይበቃናል።» ይህን የምትለው ለእኔ እንዳልነበረ ገብቶኛል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዛፉ ሥር ቆምን። ጣሰው ሁለት እጆቹን እሷ እንዳዘዘችው በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ገመዱን ይዞ ወጣ። እንዴት እንደወጣ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ ግማሹን ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ቀፎው ጋ ደረሰ። ጢሱን አስገባ። ከዚያ፣ ያ ግትር ሰው፣ የግራ እጁን ጨርቅ በጥርሱ ፈትቶ ወረወረው። ጨርቁ እየተንሳፈፈ እግራችን ሥር ወደቀ።

«ጋሽ ጣሰው!» ብላ ጮኸች በዛወርቅ።

የንቦቹ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ብርቅዬ የበዛወርቅን እጅ ያዘች።

«ውይ!»

ሦስታችንም ቀና አልን።

«ውይ! ነደፈችኝ! ግራዬን! ብርቅዬ፣ ግራዬን ነደፈችኝ! ውይ፣ ሌላዋም!»

ብርቅዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ቡና የሚያርሙ ጎረቤቶች ምን ተወለደ፣ ማን ተዳረ እያሉ እየሮጡ መጡ። ባሏ በንብ ተነደፈ ብላ እልል የምትል ሴት ሲያዩ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ ጣሰው ደግሞ ዛፍ ላይ ሆኖ እየጮኸም እየሳቀም «ተሰምቶኛል!» ይላል። እኔ አለቀስኩ። ለምን እደብቃለሁ፣ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት።

ሲወርድ ክንዱ ተነፋፍቶ ነበር። በዛወርቅ መነጽሯን አደረገች፤ ጤና ጣቢያ እንዳለች ሁሉ ኮስተር ብላ አየችው። «ክብ እብጠት። ቀይ ነው። መሀሉ ላይ መንደፊያዋ ተሰክቷል።» በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አወጣችው። «ያምዎታል?»

«በጣም!»

«በጣም» ብላ ደገመችው፤ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፣ ቀጥሎ ዓይኗን።

«ታዲያ መድኃኒት አትሰጪኝም?»

«ለዚህስ አልሰጥዎትም» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ጣሰውን ለቁጡ ቀፎ ብሎ የሚጠራው ሰው የለም። እንደ ማንኛውም አናቢ ጢስ ያበዛል፣ ሁለቱንም እጁን ይጠቀልላል፣ ሲነደፍም ጫካው እስኪሰማ ይጮኻል። ብርቅዬም በጮኸ ቁጥር ከታች ሆና ትስቃለች።